በሰንሰለት የማይሠራ ሥራ፦ የቡላ ሥልጠና ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥቅምት አጋማሽ

ዓላማው አንድ ነው፤ ውሻዬ ቡላ በግ እያየ ስጠራው እንዲመጣ። መዝለሉም፣ ድልድዩም፣ በርሜል ውስጥ መሹለኩም ለዚሁ ነው። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርደው በኩል ስለሆነ የሰፈሩ በግ ጠዋትም ማታም በደጃችን ያልፋል። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጸጉሩ ረጅም፣ ላታም ነው፤ ሲደነግጥ ደግሞ መንጋው ሁሉ አንድ ላይ ይፈተለካል። የሚፈተለክ ነገር ያየ ወጣት ውሻ ምን እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል። የሰፈሩ መፍትሔ የታወቀ ነው፤ ቀን ማሰር፣ ሌሊት መፍታት። እንዲህ የኖረ ውሻ በሩ አንድ ቀን ሳይዘጋ የቀረ እንደሆነ ግን ሰንሰለት እንጂ ሰው የሚባል ነገር አልለመደም።

ቡላ የሐበሻ ውሻ ነው፤ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖታል፤ ትከሻው ላይ ሲለካ 45 ሴንቲ ሜትር። ዕድሜው ለሥራው ደርሷል። አጥንቱ አድጎ ያልጨረሰን ውሻ ከፍታ ማዘለል መገጣጠሚያውን ስለሚጎዳ፣ ከባድ ዝርያዎችን እስከ 18 ወር ድረስ መጠበቅ የተለመደ ነው።

አጂሊቲ የሚሉት የመሰናክል ሩጫ ለሕዝብ የታየው በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ፣ ክራፍትስ በሚባለው የውሻ ትርኢት ላይ ነው። ሐሳቡ የተቀዳው ከፈረስ የመሰናክል ዝላይ ነው። እኔን የሳበኝ ደንቡ ነው። ውሻው ማሰሪያው ተፈቶለት ይሮጣል፤ ባለቤቱ ውሻውንም መሰናክሉንም አይነካም፤ በእጁ ምግብም መጫወቻም አይዝም። በድምፅና በአካል ብቻ ይመራዋል። መታዘዙ ካለ እዚያ ይታያል፣ ከሌለም እዚያው ይታያል። ገመድ ስቦ የሚያስመስል የለም።

ጥቅምት መጨረሻ

ከሁሉ በፊት ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን በእንስሳት ክሊኒክ አስወጋሁት። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይወጋል፣ ከዚያ በየጊዜው ይደገማል፤ በእኛ አገር በየዓመቱ ማስደገሙ ይሻላል። የሰፈር ልጆች ሊያግዙኝ ስለመጡ እጃቸው አፉ አጠገብ መዋሉ አይቀርም። ስለዚህ ከውሻው በፊት እነሱን ነው ያስተማርኩት፦ የየትኛውም ውሻ ጥርስ ቆዳ ከጫረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ከልጆቹ አንዱ «እና አረቄ አይቀባም?» አለኝ። አይቀባም። ሳሙና።

ቀጥሎ ቃላት። እኔ «ተቀመጥ» እለዋለሁ፣ እህቴ «ቁጭ በል»፣ እማዬ ደግሞ «አርፈህ አትቀመጥም ወይ!» ትለዋለች። ለእኛ አንድ ነው፤ ለእሱ ሦስት የተለያየ ጩኸት ነው። አምስት ቃል ጽፌ የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ፦ ቁጭ፣ ጋደም፣ ቆይ፣ ተው፣ ና። «ተኛ»ን ያልወሰድኩት ጭራው ከ«ና» ጋር ስለሚመሳሰል ነው፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ የቃልን ግማሽ ይበላል።

ስድስተኛው ቃል ትእዛዝ አይደለም፤ «ጎሽ» ነው። ሥራው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለእሱ ነው። መጀመሪያ ከቡላ ምንም አልጠየቅኩም፦ «ጎሽ» እላለሁ፣ ወዲያው ቁራሽ ጉበት። እንደገና «ጎሽ»፣ ጉበት። ቃሉን ሲሰማ ጆሮው ተነሥቶ ወደ እጄ መዞር ሲጀምር ቃሉ ዋጋ አገኘ ማለት ነው። የሩሲያው ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት ቢሆንም፣ ዛሬ ስሙ የሚነሣው ውሾቹ ምግቡ ሳይመጣ በምልክቱ ብቻ ለሐጫቸው መውረዱን አስተውሎ ስላጠናው ነው። የ«ጎሽ» ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ውሻ ሽልማቱን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ቁጭ ብሎ ሳለ ኪስህን ስትዳብስ ቆይተህ፣ ሲነሣ ካጎረስከው የከፈልከው ለመነሣቱ ነው። ቃሉ ግን በሰዓቱ ይደርሳል፤ ጉበቱ ትንሽ ቢዘገይም ግድ የለም።

በጎቹ የእሳቸው የሆኑት ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ ላይ ሲያዩን ቆይተው፦

«አንተ፣ ጉበት ለውሻ?»

«ደመወዙ ነው ጋሼ።»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነው የማውቀው፤ በበላበት ይዘላል ሲባል አልሰማሁም።»

ሲስቁ ጊዜ ሳያመልጠኝ፣ እረኛቸው መንጋውን አልፎ አልፎ ወንዙ ዳር እንዲያቆይልኝ ጠየቅኳቸው። «አንዲት በግ ከነካ ግን አንተን ነው የማስረው» ብለው ፈቀዱ።

ኅዳር ሚካኤል ሰሞን

«ና»ን ጀመርን። ለጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሰፋ ሰው ከቆዳና ከጠፍር የደረት ማሰሪያ ሠራልኝ፤ በእሱ ላይ 10 ሜትር ናይለን ገመድ አለ። በአንገቱ ላይ ረጅም ገመድ ማሰር አይገባም፤ ውሻ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ገመዱ ሲያልቅበት የሚቀበለው ጉሮሮው ነው። ገመዱ መሳቢያ አይደለም፤ ጭራሽ ወደ በጎቹ እንዳይደርስ መድን ነው።

ለቤተሰቡ ሁሉ የተነገረ ሕግ አለ፦ ልታስረው ከሆነ «ና» አትበለው፣ ሄደህ ያዘው። ልታጥበው ከሆነም እንዲሁ። ቆጥተኸው ከሆነማ ጨርሶ። ብዙ ውሻ «ሲጠሩት የሚሸሽ» ተብሎ የሚታማው፣ ስሙ የሚጠራው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ብቻ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ተቃራኒውን እንሠራለን። ይጠራል፣ ይመጣል፣ «ጎሽ» ይባላል፣ ይጎርሳል፣ ከዚያ «ሂድ» ተብሎ ወደነበረበት ማሽተት ይመለሳል። መምጣቱ ምንም አላስቀረበትም። ቃሉም አይደጋገምም። አንዴ «ና» ብዬ ካልመጣ ወደ ኋላ ሮጬ፣ አጨብጭቤ አመጣዋለሁ እንጂ «ና ና ና» እያልኩ ቃሉን አላረክሰውም።

ቦታው በደረጃ ነው፦ ሳሎን፣ ግቢ፣ ከበር ውጭ፣ ሜዳ፣ በመጨረሻ በግ ያለበት ሜዳ። በግ ሲመጣ ወሳኙ ርቀት ነው። በጎቹን አይቶ ጆሮው አሁንም ወደ እኔ የሚዞርበት ርቀት አለ፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰውነቱ ይገተራል፣ አፉ ይዘጋል፣ ጉበት አፍንጫው ሥር ብታደርግለት አያሸትም። እዚያ ላይ መጥራት ትርፉ ቃሉን ማባከን ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው።

«ተው» በዚሁ ሰሞን ቀላሉ ሆነ። በተጨበጠ እጅ ውስጥ ጉበት፤ ይልሳል፣ ይቧጥጣል፣ እጁ አይከፈትም። አፍንጫውን ባራቀባት ቅጽበት «ጎሽ»፣ እጁ ይከፈታል። መተው እንደሚያስገኝ ገብቶታል።

ታኅሣሥ፣ አናጢው ዘንድ

የመሰናክሎቹ ሥራ ተጀመረ። መደበኛው የድልድይ ጣውላ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 1.2 ሜትር ገደማ ነው። በእኛ ገበያ ያን ያህል ሰፊ ጣውላ ስለማይገኝ አናጢው ሁለት ጎን ለጎን ገጥሞ ከሥር በማገር መታው። ከላይ በመካከላቸው ስንጥቅ እንዳይቀር ደጋግሜ ለመንኩት፤ የውሻ ጥፍር እዚያ ከገባ ውሻው እየሮጠ ስለሆነ ጥፍሩ ይነቀላል። ሙጫና ሰጋቱራ ለውሶ ደፈነው። ከፍታውን ለጊዜው ከጉልበት በታች አደረግነው።

በጣውላው ሁለት ጫፍ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን በሌላ ቀለም ይቀባል፤ በውድድር ውሻው ሲወጣም ሲወርድም እዚያ ላይ እግሩ ካላረፈ ይቀጣል። የደንቡ ምክንያት ደኅንነት ነው፤ ከላይ የሚወረወር ውሻ ትከሻውን ይጎዳል። ልጆቹ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካልሆነ ብለው አስቸገሩኝ። ውሻ ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸግረዋል፤ ቢጫና ሰማያዊ ነው አጥርቶ የሚያየው። በመጨረሻ ጫፎቹ ቢጫ፣ መሐሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ባንዲራው በርሜሉ ላይ ተሣለ። ቀለሙ ሳይደርቅ የተነፋ አሸዋ በተንንበት፤ ካልተነሰነሰ ያንሸራትታል።

በርሜሉ ባለ 200 ሊትር ነው። የመደበኛው መሿለኪያ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የበርሜል ወደ 57 ይደርሳል፣ ስለዚህ በቂ ነው። በያጁ ነዳጅ የነበረበትን አልነካም አለ፤ ልክ ነው፣ ባዶ ቢመስልም የቀረው ትነት እሳት ሲነካው ይፈነዳል። የምግብ ዘይት የነበረባቸውን ሁለት አግኝተን ታጥበው ክዳንና መቀመጫቸው ተቆርጦ ተገጣጠሙ፤ ስለታማው ጠርዝ በተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ተሸፈነ። ልጆቹ ስሙን «ጣርማ በር» አሉት፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ተራራውን ሸርሽሮ ባወጣው ዋሻ ስም። ቡላ በመጀመሪያ ራሱን ብቻ አስገብቶ ቆመ። አንደኛው ልጅ በወዲያኛው አፍ ተንበርክኮ ሲጠራው ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው የቸገረን፣ ፀሐይ ሲበረታ ሄዶ ይተኛበታል።

መዝለያዎቹ ከአጣና ናቸው። አግዳሚው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ምስማር ላይ ተቀምጦ ሲነካ የሚወድቅ እንጂ የተመታ አይደለም። የማይወድቅ አግዳሚ እግር ይሰብራል። በዓለም አቀፉ ደንብ ትከሻው ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር የሆነ ውሻ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይዘላል። እኛ መሬት ላይ ጋደም ካለ አግዳሚ ጀመርን፤ ከ30 በላይ ለማውጣት አልቸኩልም።

ገና ሊደርስ ሲል

ውርጭ። ጠዋት ጣውላው ነጭ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ አሸዋም አላዳነውም። ሥራ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት የለም።

ጥር

ጥምቀት አልወሰድኩትም፤ ታቦት የሚያጅብ ሕዝብ መካከል ውሻ ምን ያደርጋል። ግን ከበሮውና እልልታው በግቢያችን አጠገብ ሲያልፍ «ቆይ»ን ሠራንበት። በ«ቆይ» ሦስት ነገር ይከብዳል፦ ርቀት፣ ቆይታና ግርግር። አንዱን ስታከብድ ሌሎቹን ማቅለል ነው። ግርግሩ ትልቅ ስለነበር እኔ አጠገቡ ቆሜ አጭር አጭር አደረግሁት።

ሚዛኑ ገባ፤ ልጆች የሚቀመጡበት ዓይነት፣ መሐሉ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የሚወዛወዝ ጣውላ ነው። ከመሰናክሎች ሁሉ ውሻ የሚፈራው እሱን ነው፤ ከሥሩ መክዳቱ ብቻ ሳይሆን ጫፉ መሬት ሲመታ የሚወጣው ድምፅም ያስደነግጣል። አንዴ የደነገጠ ውሻ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ወደዚያ አይጠጋም። ስለዚህ ፍርሃቱን በሁለት ከፈልነው። ድምፁን ለብቻ፦ ቡላ ራቅ ብሎ እየበላ ልጆቹ ጣውላውን በቀስታ ያጋጫሉ፣ ቀን በቀን ድምፁም ይጠነክራል፣ ቦታውም ይቀርባል። መወዛወዙን ለብቻ፦ አነስተኛ ሰሌዳ ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎ፣ እግሩን ባስቀመጠ ቁጥር «ጎሽ»። ሁለቱን ስናገናኝ ከጣውላው ጫፍ ሥር ገለባ የሞላ ማዳበሪያ አኖርን፤ ወርዶ ሲያርፍ ድምፅ የለውም። ገለባው አሁን እየቀነሰ ነው።

የዚግዛግ ምሰሶዎቹም ቆሙ። ሙሉው 12 ምሰሶ ነው፣ መካከላቸው 60 ሴንቲ ሜትር። ፌሮ ቆርጠን በፕላስቲክ ቱቦ ሸፈንነው። ውሻው የሚገባው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ምሰሶ በግራ ትከሻው አድርጎ ነው። በእጅ እየመሩ ማጠማዘዝ አልፈለግሁም፤ ያ የእኔን እጅ መከተል ያስተምረዋል እንጂ ምሰሶውን አያስተምረውም። ምሰሶዎቹን በሁለት ረድፍ ከፍለን መሐሉን መንገድ አደረግን፤ ቀጥ ብሎ ይሮጥበታል። ረድፎቹ በትንሽ በትንሹ ይቀራረባሉ፣ ወገቡም ሳይነገረው መተጣጠፍ ይጀምራል።

ጥር መጨረሻ፣ መንዝ

ለቤተ ዘመድ ጉዳይ መሐል ሜዳ ሄድኩ። «ውሻህን አምጣና ጓሳ ላይ አስሩጠው» ብለውኝ ነበር። አላመጣሁትም። ጓሳ የቀይ ቀበሮ አገር ነው። በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ሁሉም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከቤት ውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ትልልቆቹ ጠላቶቹ ናቸው፤ በባሌ በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ፈጅቷል። የመንዝ ሰው ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል። የእኔ ውሻ ቢከተብም ለእብድ ውሻ በሽታ እንጂ ለዲስቴምፐር አልተከተበም። የማስሮጫ ሜዳ ከሆነ በሬሳ ዳር ይበቃል።

የካቲት፣ ከቅበላ በፊት

ለ55 ቀን ልኳንዳ ሊዘጋ ነው፤ የቡላ ደመወዝስ? ጉበት ገዝቼ ትንሽ ቀቅዬ፣ ጥፍር በሚያህል መጠን ቆራርጬ፣ በወንፊት ላይ ዘርግቼ በሻሽ ሸፍኜ አደረቅሁት። ጨውም በርበሬም አይገባበትም። የደጋ ፀሐይና ነፋስ ለቋንጣ ምቹ ነው። እማዬ «በእኔ ድስት አይቀቀልም» ስላለች የውሻው ድስት ተለይቷል። ለጎረቤት ሽታው አልተመቸም፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

መጋቢት

መሰናክሎችን መቀጠል። እስካሁን እያንዳንዱ ለብቻው ነበር፤ አሁን ዝላይ፣ ጣርማ በር፣ ዝላይ፣ ድልድይ። እዚህ ላይ አሠልጣኙ ራሱ ነው የሚፈተነው። ቡላ ሲሮጥ ከአፌ ይልቅ የሚያነበው እግሬንና ትከሻዬን ነው። ጫማዬ ወደ ግራ ካየ «ቀኝ» ብል አይሰማም። ከአሥራ ሁለት ዓመት የማያልፈው ልጅ ከእኔ ይበልጣል፤ እሱ ሲሮጥ አካሉ የሚሄድበትን አስቀድሞ ያሳያል። እኔ መሰናክል እያየሁ ስለምሮጥ ዘግይቼ ነው የምዞረው። ልጁ ይምራው፣ እኔ «ጎሽ»ን ልያዝ ብለን ተስማምተናል።

የድልድዩ መውረጃ ላይ የፊት እግሩ መሬት፣ የኋላው ቢጫው ላይ ሆኖ መቆም ለምዷል። ይህ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ነው፤ በፍጥነት መካከል ራሱን የሚያቆም ውሻ በግ ሲያይም ራሱን ለማቆም አንድ ነገር ተምሯል።

ቋንጣው ሳይታሰብ ሳሳ፤ ልጆቹ እጃቸው ሰፊ ነው። የጨርቅ ኳስ ገመድ አስረንለት ጉተታ ሆነለት። ለመታዘዙ አንድ ጉተታ። ከጉበቱ እኩል ይሠራለታል፣ አንዳንዴም ይበልጣል፤ ግን ትንፋሹ ይከፋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ምላሱ ከጎን ሲንጠለጠልና ሲሰፋ ሥራው ይቆማል፣ ውሃና ጥላ።

ሚያዝያ፣ ፋሲካ ሰሞን

በግ በየበሩ ነው። ለቡላ ከዚህ የከበደ ፈተና አይገኝም፤ ለእኔም። ገመዱን መሬት እየጎተተ እንዲሄድ ለቀቅሁት፤ ካስፈለገ የምረግጠው ጫፍ አለ። በቆሙ ወይም በሚግጡ በጎች አጠገብ፣ መንገዱ በሚለየን ያህል ርቀት፣ «ና» ስለው ዞሮ መጣ። ሰው በገመድ የሚጎትተውን በግ ሲያይም መጣ፣ ምንም እንኳ አንገቱን እየመለሰ ቢሆንም። መንጋ ሲፈተለክ ግን ገመዱን ረግጬዋለሁ። ጋሼ አዩ፦

«ያው ውሻ ነው።»

«ቆሞ ላለ በግ ግን ይመጣል እኮ ጋሼ።»

«ሌባም ቆሞ ያለ በግ ነው የሚወስደው» አሉና ሳቁ። በማግሥቱ እረኛቸውን ልከው «የእኔን ውሻም አሠልጥንልኝ» አሉኝ። ያ ውሻ ሰንሰለት ላይ ነው የኖረው፤ በእሱ ላይ ቁጭም ጋደምም ገና ናቸው፤ በ«ጎሽ» ይጀመራል፣ ከዚያ በፊትም ክትባት።

ግንቦት

የሚፈተለከውን መንጋ በሁለት መንገድ ልይዘው አስቤያለሁ። አንደኛው፣ እረኛው በጎቹን ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ እያስሮጠ እኛ ከዚህ በኩል መሥራት፤ የሩጫውን ርቀት እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የጨርቅ ኳሱን ራሱ የሚፈተለክ ነገር አድርጎ፣ ልጁ እየጎተተው ሲሮጥ በመካከል «ጋደም» ማለት። ይኸኛው በአጥር ውስጥ ስለሚሠራ ከእሱ ጀምረናል።

ክረምቱ ሳይገባ ጣውላዎቹ ተነቅለው ኮርኒስ ሥር ይገባሉ፤ በርሜሉ ውጭ ይቆያል፣ ተኝቶበታል። የሚቀረው የጎማ መዝለያው ነው። ጎሚስታው አሮጌ የባጃጅ ጎማ ሰጥቶኛል፣ ግን ለቡላ ጠባብ ነው፤ የሞተር ሳይክል ጎማ ልጠይቀው ነው። አጣናው መሐል ሲሰቀል በሁለት ቦታ ተቆርጦ በማግኔት መያያዝ አለበት፣ ውሻው ቢመታው እንዲከፈት። ማግኔቱን ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ አወጣለሁ ብሏል ልጁ።